ሰማያዊ ያደረግኋቸው ሰዎች

ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት "ይርሳው ፎቶና ኮምፒውተር ጽሕፈት" የሚል ሰሌዳ አለ። ይርሳው እኔ ነኝ። ከስሜ በታች በቀይ ቀለም "ማንኛውንም የኮምፒውተር ችግር እንፈታለን" ይላል። "እንፈታለን" ያልሁት ለግርማ ሞገስ ነው እንጂ ሱቁ ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰው የለም። ስለ ፈታኋቸው ችግሮች ከእኔው አፍ ያልሰማ የከተማ ሰው ስለሌለ እሱን እተወዋለሁ። የማወራው ሦስት ዓመት ሙሉ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ስላላየሁት ችግር ነው።

አርባ አራት ዓመቴ ነው። በልጅነቴ አባቴ ቄስ ትምህርት ቤት አስገብተውኝ ዳዊት ሳልደግም ወጣሁ፤ እርሻ ላይ ቢያሰማሩኝ ደግሞ በሬዎቹ ናቁኝ። በመጨረሻ ባሕር ዳር ሄጄ ስድስት ወር ኮምፒውተር ተማርሁና ምስክር ወረቀት ይዤ ተመለስሁ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ምክር የምሰማው ለጨዋነት ያህል ነው። ባለቤቴ ወይኒቱ አስተማሪ ናት፤ ስልሳ ሕፃን በአንድ ክፍል ጸጥ ታሰኛለች፤ እኔን ግን አንድም ቀን አሳምናኝ አታውቅም።

ከሦስት ዓመት በፊት ከባሕር ዳር አዲስ ጠፍጣፋ ሞኒተር ገዛሁ። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ እንዲጭኑት ስላልፈቀድሁ ለክርስትና እንደሚሄድ ሕፃን ታቅፌው ነው የመጣሁት። ከካርቶኑ ሲወጣ ፊቱ ላይ ስስ ላስቲክ ተለጥፎበት ነበር። አልላጥሁትም። ሞኝነቱ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ በእኛ አገር አዲስ ዕቃ የሚከበረው ከነላስቲኩ ነው። ቤቴ ያለው ሶፋ ከተገዛ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ላስቲኩ ዛሬም አልወለቀም፤ በሚያዝያ ሙቀት እንግዳ ሲነሳ ጀርባው ጠጭ ብሎ ነው የሚላቀቀው። ወይኒቱ በየበዓሉ እናውልቀው ትላለች፤ እኔም በየበዓሉ ሲያረጅ እናወልቀዋለን እላለሁ። የሞኒተሩም ላስቲክ እንዲሁ በክብር ቀረ፤ በጣም ስስና ጥርት ያለ ስለነበር በሁለት ወሩ መኖሩን ረሳሁት።

ዓመት ሳይሞላ ምስሉ መፍዘዝ ጀመረ። ጥቁሩ አመድ መሰለ፣ ነጩ የከረመ ቅቤ ሆነ፣ ፊደሎቹ ዙሪያቸውን ጭጋግ ለበሱ። ባለሙያ ነኝና አልደነገጥሁም። መጀመሪያ ገመዱን ጠረጠርሁ፤ ነቅዬ እፍ አልሁበትና መልሼ ሰካሁት፣ አልሆን ሲል በአዲስ ቀየርሁት። ቀጥሎ መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው ብዬ ስታቢላይዘር አስገባሁ። ከዚያ የምስሉን መጠን ስነካካ ፊደሎቹ የመንገድ ሰሌዳ አከሉ። ከሞኒተሩ ሥር ያሉትን ቁልፎች ስጫን ደግሞ ማስተካከያው በሙሉ ወደ ቻይንኛ ተለወጠብኝ፤ ሁለት ሳምንት በግምት እየተጫንሁ ብርሃን እጨምራለሁ ስል እያጠፋሁት ከረምሁ። የመስኮቱ ብርሃን ነው ብዬም ጠረጴዛውን አዞርሁት፤ ከዚያ ወዲህ ደንበኛ ሲገባ የሚቀበለው ጀርባዬ ነው።

በየጠዋቱም ጥጥ ካቲካላ ውስጥ ነክሬ ፊቱን እወለውለው ነበር። በወለወልሁት ቁጥር ይብስበታል፤ በባሰበት ቁጥር ካቲካላውን እጨምራለሁ። ባሕር ዳር አብሮኝ የተማረ ስመኘው የሚባል ጓደኛዬ በስልክ ችግሩን ስነግረው ፊቱን ደኅና አድርገህ አይተኸዋል ወይ አለኝ። ሌላ ምን ሳይ የምውል መሰለህ ብዬ ተቆጥቼ ዘጋሁበት። መጨረሻ ላይ ቡሬ ወስጄ እንድሪያስ ለሚባል ቴሌቪዥን ጠጋኝ አሳየሁት። እንድሪያስ የኋላውን ክዳን ፈቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ሽቦ በሽቦ መርምሮ ምንም አልሆነ አለኝ። እሱም እንደ እኔ ባለሙያ ስለሆነ ከፊት በኩል አልተመለከተውም።

ሞኒተሩን ማዳን ሲያቅተኝ ፎቶዎቹን ለማዳን ወሰንሁ። ሰው ሁሉ ቢጫ ሆኖ ስለሚታየኝ ሰማያዊ እጨምርበታለሁ፤ ጭጋግ ስለሚለብስ ጥቁሩን አጠብቀዋለሁ፤ ሞኒተሩ ላይ ልክ ሲመስለኝ አትማለሁ። የታተመው ሰማያዊ ሆኖ ሲወጣ ቀለሙን ሰድቤ ቀለም ቀየርሁ፤ ወረቀቱን ሰድቤ ወረቀት ቀየርሁ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የተባለው ለእኔ ነው፤ በዚያው ሰሞን የወረዳውን ግማሽ ኮምፒውተር እየዞርሁ እጠግን ነበር።

እንዴት የሚነግርህ ሰው ጠፋ ትሉ ይሆናል። በጎጃም ሰው የደከምህበትን ሥራ ፊት ለፊት አበላሸህ አይልህም፤ ነውር ነው። አንድ ሙሽራ የሰርጉን ፎቶ አገላብጦ አይቶ ያን ቀን ለካ ብርድ ነበር አለና አመስግኖኝ ሄደ። ወንዳወቅ የሚባል አስተማሪ የተማሪዎቹን የመታወቂያ ፎቶ ከፊታቸው ጋር ሲያመሳክር ግማሽ ቀን ዋለ ተባለ፤ እኔ ዘንድ ግን የመጣው ምስጋናው ብቻ ነው። መሪጌታ ክንፈሚካኤል ጉርድ ፎቶ ተነስተው ረጅም ጊዜ ካዩት በኋላ፣ ሌላው ፎቶ አንሺ የዛሬውን ያነሳል፣ አንተ የዛሬ መቶ ዓመት የምሆነውን አነሳህልኝ አሉኝ። ሙገሳ መስሎኝ ቤት ገብቼ ለወይኒቱ ነገርኋት።

ባለፈው የካቲት ከቡሬ ገጠር እማማ ደስታነሽ የሚባሉ ሴት ከልጃቸው ከዙፋን ጋር ወደ ሱቄ መጡ። ባላቸው አቶ ቢሆነኝ ካረፉ ዓመት ሊሞላ አንድ ሳምንት ቀርቶ ነበር። ሟቹ በዕድሜያቸው ሙሉ ፎቶ የተነሱት አንድ ጊዜ፣ ለቀበሌ መታወቂያ ብቻ ነው። እማማ መታወቂያውን ከመቀነታቸው ቋጠሮ ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ ለሙት ዓመቱ ዳስ ውስጥ የሚሰቀል፣ በኋላም ቤት የሚቀር ትልቅ ፎቶ እንዳወጣላቸው ለመኑኝ።

"ፊቱ እየሸሸኝ ነው" አሉኝ። "ድምፁ አለ፤ ሳሉ እንኳ አለ። ፊቱ ግን አምና ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኝ ነበር፣ ዘንድሮ እየዘገየ ነው። ጨርሶ ሳይጠፋብኝ ብዬ ነው ልጄ።"

እስከ ምሳ ሠራሁት። ትከሻቸው ላይ ያረፈውን የቀበሌ ማኅተም አጠፋሁ፣ ቢጫውን በሰማያዊ አባረርሁ፣ ጭጋጉን በጥቁር ገፈፍሁ፣ በትልቅ ወረቀት አትሜ ፍሬም ውስጥ አስገባሁት። በሥራዬ ረካሁ። እማማ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ብዙ አዩት። እናትና ልጅ የአዊ ሰዎች ናቸውና በአገውኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ እኔ ቋንቋውን ስለማልሰማ የሚያደንቁኝ መሰለኝ። ከዚያ እማማ ቀና ብለው በአማርኛ እጅህ ይባረክ፣ ዓይኔ ነው መሰል ትንሽ ሌላ ሰው አደረገብኝ አሉኝ።

ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴን የሚያቃጥለኝ የሰጠሁት መልስ ነው። ፎቶው ልክ ነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ሰው ይረሳል፣ አይጨነቁ አልኋቸው። በርኅራኄ ነው ደግሞ ያልሁት። እማማ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ ፎቶውን በነጠላቸው ጠቀለሉ፣ መርቀውኝ ወጡ።

ሳምንቱ ሊያልቅ፣ ዓርብ ዕለት፣ ወይኒቱ የፈተና ወረቀት ልታሳትም ሱቅ መጣች። ከጎኔ ተቀምጣ የምታነበው ጥያቄ አልታይ ሲላት አቧራ መስሏት የሞኒተሩን ጠርዝ በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። ጥጉ ላይ አንድ ነገር ብድግ አለ። ተይ፣ የሞኒተሩ ቆዳ ነው፣ ትገድይዋለሽ አልኋት። ከጥግ እስከ ጥግ ሳበችው። ከሥሩ የወጣው ምስል ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ፣ ፊደሉም አንድ በአንድ የሚቆጠር ነበር። በእጇ የቀረው ላስቲክ ከካቲካላው ብዛት ተጨማዶ አሮጌ ቁርበት መስሏል። ወይኒቱ መጀመሪያ ላስቲኩን አየች፣ ቀጥሎ እኔን አየች፣ ከዚያ ወንበሩን ለቃ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ምን ይደረጋል።

ሳቄ የቆመው የቀድሞ ሥራዬን ስከፍት ነው። ሙሽሮቹ፣ ተማሪዎቹ፣ መሪጌታ፣ ሁሉም ጮቄ ተራራ ላይ ያለ ጋቢ ያደሩ ይመስላሉ። ከዚያ አቶ ቢሆነኝን አገኘኋቸው። ጉንጫቸው ጠቁሮ የጎደጎደ፣ ዓይናቸው ጉድጓድ የገባ፣ ከንፈራቸው የበለዘ ሰው ናቸው። ሳልነካው ያስቀመጥሁትን የመታወቂያውን ቅጂ ከጎናቸው ስከፍት ደግሞ ጠይም፣ ጉንጫቸው የሞላ፣ የግራ ዓይናቸው ቆብ ዝቅ ያለ፣ ሳቅ የሚታገላቸው ሽማግሌ ብቅ አሉ። ሁለቱ አይተዋወቁም። ሚስታቸው ልክ ነበሩ፤ እኔ ግን ረስተዋል ብዬ ሰድጃቸዋለሁ። አፈርሁ፤ ማፈር ብቻም አይደለም፣ ፈራሁ። ሙት ዓመቱ በማግስቱ ነበር።

አዲሱን ፎቶ እዚያው አትሜ ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ቡሬ ሄድሁ፤ ከዚያ በባጃጅ መንገዱ እስካለቀበት፣ ከዚያ በእግሬ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን ሳሰናዳ ነበር። እማማን ለብቻቸው ጠርቼ ማሽኑ ተበላሽቶ ነው፣ ዕቃ ነውና ያጋጥማል ልላቸው ቆርጫለሁ። "ማሽኑ" የሚለው ቃል በጣም ተስማምቶኝ ነበር።

ስደርስ ዳሱን ሰው ሞልቶታል። የእኔ ሰማያዊ ሰውዬ መሐል ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፤ እማማ ከሥሩ ተቀምጠዋል። የሚገባው ሁሉ ፊቱ ቆሞ አንገቱን ይሰብርና "ቁርጥ ቢሆነኝን" ይላል። ሠላሳ ዓመት አብሯቸው ያረሰ ጎረቤት ሳይቀር "ቁርጥ ቢሆነኝን" አለ። ሐዘንተኛን ቅር ማሰኘት አይገባማ። እማማ ለእያንዳንዱ ጎንበስ ይላሉ፤ ጎንበስ ባሉ ቁጥር ያነሱ መሰለኝ።

ዙፋን አየችኝና ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ያን ቀን ሱቄ ውስጥ በአገውኛ የተባለውን ያኔ ነገረችኝ። እናቷ ይህን ሰው አላውቀውም፣ ግን ፎቶ አንሺው ደክሞበታልና አትንገሪው ነው ያሏት። በሳምንቱ ውስጥ ፎቶውን ሊያይ የመጣው ጎረቤት ሁሉ ራሱ ቢሆነኝ ነው ስላለ፣ የረሳሁት እኔ ብቻ ነኝ ብለው አምነዋል። እህል የሚቀምሱት በግድ ነው፣ ሰው ማናገርም ትተዋል አለችኝ።

"ማሽኑ" የሚለውን ቃል እዚያው ጓሮ ተውሁት። በሹክሹክታ ብነግራቸው ሊያጽናናኝ ነው ይላሉ፤ የመቶ ሰው ምስክርነት በእኔ ሹክሹክታ አይፈርስም። ገብቼ ምሰሶው ሥር ቆምሁና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

"እማማ ደስታነሽ፣ እርስዎ አልረሱም" አልሁ። "ይኸ የተሰቀለው ሰው አቶ ቢሆነኝ አይደለም። እኔ ነኝ ያበላሸኋቸው። የሞኒተሬን ላስቲክ ሳልልጥ ሦስት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ያ ሳያንሰኝ ዕድሜ ነው አልሁዎ።"

 በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ እኔማ ገና ስገባ በሆዴ ብዬው ነበር አሉ፤ ከዚያ በሆዱ ያላለ ሰው ጠፋ። ያ ሁሉ ሆድ ቀደም ብሎ አፍ አውጥቶ ቢሆን ኖሮ እኔም ላስቲኬን ቀድሜ በላጥሁ ነበር፤ ግን በዚያች ሰዓት የሰው ሆድ ለመውቀስ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

አዲሱን ፎቶ ለእማማ ሰጠኋቸው። ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት። አውራ ጣታቸው ዝቅ ያለውን የዓይን ቆብ አገኘና እዚያው ቆመ። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ዙፋን ከኋላ ያዘቻቸው። እኔ እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ይቅር ይበሉኝ አልሁ። እማማ ዓይናቸውን ከፎቶው ሳያነሱ መለሱልኝ።

"ይኸውልህ ልጄ፣ ሳምንቱን ሙሉ ያን የማላውቀውን ሰው፣ 'ቢሆነኝ፣ ረሳሁህ፣ ማረኝ' እያልሁ ስለምነው ሰነበትሁ።"