ኖራ ቀቢው

በለጥሻቸው ጣርማ በር ላይ ቆሎ ስትሸጥ፣ ጣሊያን በሚያስጠርገው መንገድ ዳር የተደረደሩትን ድንጋዮች ኖራ የሚቀባውን ሰውዬ በየቀኑ ታየዋለች። ስሙን የሚያውቅ የለም። የመንገዱ ሠራተኞች ግን በአንኮበር በኩል የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ እንደነበረ፣ ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኑንም መንደሩንም እንዳቃጠለበት ያወራሉ። ብሩሹን ከፍየል ጠጉር የሠራው ራሱ ነው። የነተበ በርኖሱ ላይ አንዲት የኖራ ጠብታ አትታይም። አንዱን ድንጋይ ቀብቶ በጨረሰ ቁጥር ራቅ ብሎ ይቆምና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየዋል።

አንድ ቀን ጠዋት እፍኝ ቆሎ ይዛ ቀረበችው። ልጇ ከአርበኞች ጋር ወጥቶ ከሞተ ዓመት አልፎታል።

«አባቴ፣» አለችው ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «የልጄን መልክ በጣውላ ላይ ይሥሉልኛል?»

«ዓይኑ እንዴት ያለ ነበር?» አላት ቀና ሳይል።

ልትመልስ አፏን ከፈተች። ጋቢውና የእግሩ ኮቴ ታወሳት እንጂ ዓይኑ አልመጣላት አለ። ማልቀስ ነበረባት፤ እንባዋም አልመጣም።

«አይዞሽ፣» አለ ብሩሹን ኖራው ውስጥ እየነከረ። «እኔም የሦስቱንም ልጆቼን ዓይን ረስቻለሁ።»

ቆሎውን ተቀብሏት ወደሚቀጥለው ድንጋይ አለፈ።