የእትዬ ዘውዴ ክብሪት ጡረታ ወጣ

በታላቅ ሐዘን የምነግራችሁ ዜና አለኝ። ተቀመጡ። ለሃያ ስምንት ዓመት ከአክስቴ ከእትዬ ዘውዴ ቦርሳ ሳይለይ ያገለገለው ክብሪት፣ ባለፈው እሁድ ከሰዓት በኋላ ማውንተንስ ኤጅ በሚባለው ሰፈራችን፣ ሳሎናችን ውስጥ ከሥራው ተሰናብቷል። ለአድናቂዎቹ ሁሉ መጽናናትን እመኛለሁ...

የምኖረው እትዬ ዘውዴ ቤት ነው። ባለቤታቸው ጋሼ ሙሉጌታ ካዚኖ ውስጥ ዲለር ናቸው፣ ካርድ ያድላሉ። የሚጥል በሽታም አለባቸው። እትዬ ደግሞ ከአገር ቤት ይዘውት የመጡት ሕክምና አላቸው፤ ሰው ሲወድቅ ክብሪት ጭሮ ጭሱን ማሽተት። አትሳቁ፣ እናንተም ቤት አለ።

ልጃቸው ሚሚ ኬሚስት ናት። ለዚሁ በሽታ አዲስ መድኃኒት የሚፈልግ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። እኔ ኮሌጅን በሁለተኛው ሴሚስተር ተሰናብቼ ካዚኖ በር ላይ የሰው መኪና ፓርክ የማደርግ ሰው ስለሆንኩ፣ በሚገባኝ ቋንቋ አስረዳችኝ። በሽታው ሲነሳ ጭንቅላት ውስጥ ያሉት የቁማር ማሽኖች በሙሉ አንድ ላይ ጃክፖት የመቱ ያህል ይጮኻሉ። መድኃኒቱ ማሽኖቹን ዝም ማሰኘት አለበት፤ የካዚኖውን መብራት ግን ማጥፋት የለበትም። መብራቱ ከጠፋ ሰውየው ያንቀላፋል። እና ሚሚ ከሞለኪውሏ ላይ አንድ ነገር ትነቅላለች፣ ሌላ ትቀጥላለች፣ ከዚያ አይጥ ላይ ይሞከራል።

«የዚህ ሳምንቷ ሞለኪውልስ እንዴት ሆነች?» እላታለሁ ሁልጊዜ።

«መንቀጥቀጡን አቆመችው።»

«ጎሽ።»

«አይጧ ግን ተኛች።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ አይጥ እሹሩሩ ስትዪ ኖርሽ በይኛ።»

በትራስ ትለኛለች። እንዲህ ነው የምንዋደደው።

ቅዳሜ ዕለት ሚሚ ክብሪቱን ይጥሉ ዘንድ እናቷን ስትጨቀጭቅ ሰማሁ።

«እማዬ፣ ጭሱ ምንም አያደርግለትም። እንዲያውም ታቃጥዪዋለሽ።»

«እስከ ዛሬ አባትሽን ያቆየው ምን መሰለሽ?» አሉ እትዬ።

እነሱ ሲከራከሩ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ሳጥኑን ከቦርሳቸው አውጥቼ ክብሪቱን ገለበጥኩ፣ ጥርስ በምንጎረጉርበት ስቴኪኒ ሞላሁትና መለስኩት። ሻማ ሊለኩሱ ሲያወጡት ፊታቸውን ለማየት ነበር... በቃ፣ ይኸው ነው ሐሳቤ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ በላን። ጋሼ ለሥራ ሺፍታቸው ሊወጡ መስታወቱ ፊት ቆመው ክራቫታቸውን እያሰሩ ነበር። እጃቸው ቆመ። ከዚያ ወደቁ።

እትዬ ቦርሳቸው ላይ ተወረወሩ። ሳጥኑን አወጡና ጫሩ። ምንም። ደግመው ጫሩ። በሦስተኛው ስቴኪኒው ለሁለት ተሰበረ። ሳጥኑን አዩት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«አንተ የሰይጣን ቁራጭ... ባሌን ገደልከው» አሉ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሳት ፍለጋ ወደ ኩሽና ሮጥኩ። ምድጃችን ኤሌክትሪክ ነው። አራት ዓመት የኖርኩበት ቤት ነው፣ ያን ቀን ነው የታየኝ።

ስመለስ ሚሚ ጋሼ አጠገብ መሬት ላይ ተንበርክካለች። አልጮኸችም። ክራቫታቸውን ፈታች፣ በጎናቸው አዞረቻቸው፣ ሹራቧን አጣጥፋ ከጭንቅላታቸው ሥር አደረገች።

«ና፣ ሰዓት ያዝ» አለችኝ። «አምስት ደቂቃ ከሞላ አምቡላንስ ትጠራለህ።»

ስልኬን ያዝኩ። ጋሼ ይንቀጠቀጣሉ፣ እኔ እቆጥራለሁ። አንድ ደቂቃ... አንድ ተኩል... አንድ ከሃምሳ ሲል መንቀጥቀጡ ቆመ። ጋሼ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

እትዬ የተሰበረውን ስቴኪኒ እንደያዙ ቀስ ብለው «ያለ ክብሪት ቆመ?» አሉ።

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

ጋሼ ትንሽ ቆይተው፣ የት እንዳሉ ሲያውቁ ሚሚ ጠየቀቻቸው።

«አባዬ፣ ዛሬ ኪኒንህን ወስደሃል?»

ጋሼ ጣሪያውን አዩ። እኔም አብሬያቸው አየሁ፣ ምንም የለበትም።

«ሺፍት ባለኝ ቀን አልወስደውም» አሉ በመጨረሻ። «ያስተኛኛል። ባለፈው ካርድ እያደልኩ ሳንቀላፋ ሱፐርቫይዘሩ አየኝ። ካባረሩኝስ ብዬ ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺ ራስሽ ደክመሽ ነው የምትመጪው። ምን ላስቸግርሽ።»

ሚሚ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። እኔ ግን ያን ጊዜ ነው የተኙት አይጦች የገቡኝ። ሦስት ዓመት ስቀልድባት፣ እሷ አባቷ የካርድ ጠረጴዛው ላይ ነቅተው እንዲቆሙ የሚያደርግ ነገር ነበር የምትፈልገው።

ያው እኔ ነኝና፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ የሚሚ ላብራቶሪ ለመቀጠር የሚጎድልዎት ጭራ ብቻ ነው» አልኳቸው።

መጀመሪያ የሳቁት ጋሼ ናቸው። እትዬ በቦርሳቸው ጀርባዬን አሉኝ፣ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ፣ ሚሚ ግን ትሳቅ ታልቅስ መለየት አልቻልኩም።

ሰኞ ሚሚ ጋሼን ይዛ ሐኪማቸው ዘንድ ሄደች። መጠኑም ሰዓቱም ተስተካከለላቸው። እስካሁን ጠረጴዛ ላይ አላንቀላፉም። ሚሚ ሰባት ክፍል ያለው የኪኒን መያዣ ገዝታ አመጣች፤ ከነላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። እትዬ በየቀኑ የዕለቱን ኪኒን በዚያችው በክብሪት ሳጥን ይዘው ጋሼ ፊት ይቆማሉ።

«እዚሁ ፊቴ ዋጠው» ይሏቸዋል።

የሚሚ አይጦች አሁንም ይተኛሉ። ስለ እነሱ መቀለድ ግን አቁሜያለሁ... እስከ ዓርብ።

ለነገሩ፣ መግቢያዬ ላይ ያን ያህል ማስደንገጤ ልክ አልነበረም። ክብሪቱ ጡረታ አልወጣም፤ ሺፍት ነው የቀየረው።