ዘግይቶ የመጣው የመብራት ሳጥን

ባለቤቴ የሞተው ለሰው ሰርግ ቀሪቦ ስናፈላ ነው።

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ቀሪቦ እያዘጋጀሁ መሸጥ ከጀመርኩ ብዙ ጊዜዬ ነው። ገብሱን እስኪጠቁር እቆላዋለሁ፣ በበርሜል ውኃ አፈላዋለሁ፣ ከዚያ አጥልዬ ሲበርድ ስኳርና እርሾ ጨምሬበት ያድራል። ስለማያሰክር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያዘኛል፤ በሰርግ ወራት እጄ አያርፍም ነበር። ያስመረረኝ እንጨቱ ነው። የግራር እንጨት በየዓመቱ ይበልጥ ከሩቅ ይመጣል፣ ጭሱም ዓይኔን ጨርሶት ነበር።

ባለቤቴ በወንዙ ዳር ባሉት የሽንኩርት ማሳዎች የውኃ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ሰው ነበር። ሞተር ሲበላሽ ራሱ ፈትቶ ይገጥማል፣ ሽቦ አይፈራም። አንድ ቀን ውኃ የሚያፈላ ብረት ይዞ መጣና በርሜሉ ውስጥ ነከረው። ሁለት ሽቦ ስቦ ሶኬት ላይ ሰካው። ታናሽ ወንድሙ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

«ወንድሜ ሲወርድ በደንብ አድርጎ ይሠራልናል። ለዚህ ሰርግ ይሄ ይበቃናል» አለኝ።

እኔም ጭስ የሌለበት ማድቤት በማየቴ ደስ ብሎኝ ነበር። ውሸት አልናገርም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሰላት ታጥቦ፣ ዉዱእ አድርጎ ሲመለስ እግሩ እንደረጠበ ወደ ማድቤት ገባ። አረፋው ገንፍሎ እንዳይፈስ ሊያይ መሰለኝ፣ የበርሜሉን ከንፈር ያዘ። እኔ ግቢ ውስጥ ጄሪካን አጥብ ነበር። የሰማሁት ጭልፋ ሲወድቅ ነው። ስገባ ቆሟል። አይጮህም፣ አይወድቅም፣ እጁ ግን በርሜሉን አልለቀቀም። ልይዘው ስሮጥ አብረውን የሚኖሩት አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከኋላ ሻርፔን ጨምድደው ያዙኝ።

«አትንኪው!»

ልጃቸው እፊታቸው እየሞተ እኔን ያዙ። ከዚያ ዘነዘናውን አንስተው ሽቦውን መትተው ከሶኬቱ ነቀሉት። ያኔ ወደቀ። ከመግሪብ በፊት ቀበርነው።

ኢዳዬን፣ ባሏ የሞተባት የምትቆየውን አራት ወር ከአስር ቀን፣ ቤት ዘግቼ ጨረስኩ። በርሜሉን ሰው አውጥቶ አጥሩ ሥር ደፍቶት ነበር፣ ደንበኞቼም ወደ ሌላ ሄዱ። ልጆቹን ያበላ የነበረው የዘመድ ሰደቃ ነው። ጠዋት ስነሳ ለምን እንደምነሳ አላውቅም ነበር።

ኢዳዬ ካለቀ በኋላ የባለቤቴ ወንድም መጣ። ብርዳሙ ጣርማ በር ላይ ለብሶት የነበረውን ጃኬት የእኛ ሙቀት አስወልቆት በክንዱ አንጠልጥሎታል፣ በትከሻው ደግሞ በር ያለው የብረት ሳጥን ተሸክሟል።

«እትዬ፣ ሥራሽን ልመልስልሽ ነው የመጣሁት» አለኝ።

«ያንን በርሜል ማየት አልፈልግም።»

«እኔም አልፈልግም። አዲስ በርሜል ገዝቻለሁ፣ በጋሪ እየመጣ ነው። ልጆቹ ግን መብላት አለባቸው።»

እምቢ ለማለት እንኳ ጉልበት አልነበረኝም። ከእሱ ጋር ብቻዬን መሆን ስለማይገባ በሩን ከፍተን አማቴ ደፉ ላይ ተቀመጡ። እሱ ይሠራል፣ እኔ ዕቃ አቀብላለሁ፣ እሳቸው ያያሉ። ሳልጠይቀው ሁሉንም ነገር ያስረዳኛል። ዝም ቢል ይሻለኝ ነበር።

መጀመሪያ ከማድቤቱ ጀርባ ረጅም የመዳብ ዘንግ መሬት ውስጥ ሊቀብር ጀመረ። መሬታችን በበጋ ድንጋይ ነው። ዘንጉ ገባ ገባ ብሎ ከግማሹ እምቢ አለ። ነቅሎ የዕቃ እጣቢ ወደሚደፋበት ወደ እርጥቡ ቦታ ወሰደው፣ ዙሪያውን ቆፍሮ ከሰልና ጨው ሞላበት፣ ውኃ አፈሰሰበት፣ እንደገና ይመታ ጀመር። ላቡ በጀርባው ይወርዳል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉት አማቴ።

«መብራቱ አምልጦ በርሜሉን ቢነካው በሰው ላይ ሳይሆን በዚህ በኩል መሬት እንዲገባ ነው። መንገድ ነው፣ እማ።»

«መንገድ» አሉ። ዘንጉን እያዩ፣ «ያኔ መንገዱ እሱ ሆነ ማለት ነዋ» አሉ።

መዶሻውን አንስቶ መምታቱን ቀጠለ። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

ሳጥኑን ውኃ ከማይረጭበት ግድግዳ ላይ ከፍ አድርጎ ሰቀለው። ውስጡ ያለው ሽቦ እያንዳንዱ የራሱ ቀለም አለው። እያንዳንዱን ካሰረ በኋላ ስቦ ይሞክረዋል፤ ላላ ያለ ሽቦ ግሎ ቤት ያቃጥላል አለኝ። ወደ በርሜሉ የሚሄደው ገመድ የጣት ያህል ወፍራም ነው። ባለቤቴ የቀጠለው የመብራት አምፖል ሽቦ ነበር። በሳጥኑ በር ላይ የምነካቸው ቁልፎች ትንሽ ጉልበት ብቻ እንዳላቸው፣ ትልቁ ጉልበት ውስጥ ተዘግቶ እንደሚሄድ፣ ቀዩን ትልቅ ቁልፍ በመዳፌ ብመታው ሁሉም እንደሚጠፋ ነገረኝ። የበርሜሉን ጎን ቀዶ የማፍያውን ብረት በጎማ አጥብቆ አሰረበት። ከዘንጉ የመጣውን ሽቦ ደግሞ በርሜሉ ላይ በብሎን አጠበቀው።

እሱ ባስረዳኝ ቁጥር እኔ የምሰማው አንድ ነገር ነው። ይሄ ቢኖር። ያ ቢኖር። ባለቤቴን አላህ ወሰደው ብዬ ተቀብዬ ነበር፤ አሁንም እቀበላለሁ። ግን ሽቦው እየወፈረ፣ ብሎኑ እየጠበቀ ሲሄድ ውስጤ ያለው ነገር ይላላ ነበር።

መጨረሻ ላይ ከሌሎቹ ብሬከሮች፣ መብራት ከሚቆርጡት ቁልፎች፣ አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጭ ብሬከር ገጠመ። መብራት ጠፍቶ ስለነበር እስኪመጣ ተቀምጠን ጠበቅን። ሲመጣ ብሬከሯ ላይ ያለችውን ደቃቃ የመሞከሪያ ቁልፍ ተጫናት። «ጧ» ብላ ወረደች፣ በሳጥኑ በር ላይ የበራው ሁሉ ጠፋ።

«መብራቱ ትንሽ እንኳ ወደ ሰው ከሾለከ እንዲህ ራሷ ትቆርጠዋለች። ዓይን እስኪርገበገብ አትቆይም። በየጊዜው እንዲህ ተጭነሽ መሥራቷን እያት» አለኝ።

«ከየት አመጣሃት?» አልኩት።

«ከዚሁ ነው። መናኸሪያው ጎን ካለው ሱቅ።»

ባለቤቴ ሁለቱን ሽቦ የገዛው ከዚያ ሱቅ ነው። አብሬው ነበርኩ። እሱ ሽቦ ሲያስለካ እኔ መደርደሪያውን እያየሁ ቆሜ ነበር።

«ያኔም ነበረች?»

«እኔ እንጃ፣ እትዬ።»

«ብትኖር ኖሮ ይተርፍ ነበር?»

የሳጥኑን በር ዘጋው፣ ከፈተው፣ እንደገና ዘጋው። «ይተርፍ ነበር» አለ፣ ሳያየኝ።

ከዚያ በርሜሉን በውኃ ሞልቶ አረንጓዴውን ቁልፍ ተጫነ። ውኃው መንጫጫት ሲጀምር እጁን አርጥቦ የበርሜሉን ጎን ያዘው። ፊቴን አዞርኩ።

«ምንም የለም። ንኪው እትዬ፣ ካልነካሽው መቼም አትሠሪበትም።»

አልቻልኩም። እጄ ከጎኔ አልነሳ አለኝ። አማቴ ከደፉ ተነሱ። ማንም ሳይላቸው ቀስ ብለው መጥተው መዳፋቸውን በርሜሉ ላይ አሳረፉ። ታናሹ ልጃቸው ደንግጦ እጁን ዘረጋ፣ መልሶ ተወው። ረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆሙ።

«ሞቅ ብሏል» አሉ። ወደ ደፉ ተመልሰው ተቀመጡና ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ አድርገው አለቀሱ። በቀብሩ ቀን እንኳ እንደዚያ ሲያለቅሱ አላየሁም። ያን ጊዜ እኔም ነካሁት።

ሥራው ተመለሰ። ሰርግ ሲመጣ ያዙኛል፣ ቀሪቦውም ከእንጨቱ ጊዜ የተሻለ ይወጣል፤ አያርም፣ አይገነፍልም፣ ጭስ ጭስ አይልም። ሰው ቀምሶ ሲያመሰግነኝ «አልሐምዱሊላህ» እላለሁ። የጎማ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ እጄን አደርቃለሁ፣ ቢስሚላህ ብዬ አበራለሁ። ልጆቼ በልተው ያድራሉ። ከዚህ ሌላ የተመለሰልኝ ነገር የለም። አማቴ ከዚያ ቀን ወዲህ ማድቤት አልገቡም፣ ቀሪቦም በአፋቸው አይዞርም። እኔም አልጠይቃቸውም።

በቅርቡ ቀሪቦ ከምታፈላ ከአንዲት ጎረቤት ወንፊት ልዋስ ቤቷ ገባሁ። ወጣት ናት፣ ሁለተኛ ልጇን ታጠባለች። ማድቤቷ ውስጥ በርሜል ይፈላል። ከበርሜሉ ሁለት ሽቦ ወጥቶ መስኮቱ ሥር ያለው ሶኬት ላይ ተሰክቷል። መሬቱ ርጥብ ነው። የማድቤቱ በር ላይ ቆምኩ።

«ንቀይው፣ እባክሽ» አልኳት።

ታሪኬን ታውቀዋለች፤ ቀብር መጥታለች። ስለ ዘንጉም ስለ ነጯ ብሬከርም አንድ በአንድ ነገርኳት። አንገቷን እየነቀነቀች ሰማችኝ።

«እውነትሽን ነው» አለች። «ግን ባሌ ያውቅበታል። እኔን አያስነካኝም፣ አትስጊ።»

ወንፊቱን ሰጠችኝ። ቁጭ በይ ብላ ቀሪቦ ቀዳችልኝ፣ መጠጣት አቃተኝ።

በዚያው ቀን ለባለቤቴ ወንድም ደወልኩለት። ወርዶ እንደሚሠራላት ቃል ገባልኝ። ሊነሳ ባለበት ሳምንት ተኩስ ተነስቶ መንገዱ ተዘጋ። ተከፈተ ሲባል እንደገና ይዘጋል፣ እሱም እስካሁን አልመጣም። ሁለት ጊዜ ተመልሼ ለመንኳት። በሁለተኛው ጊዜ ባሏ በር ላይ አገኘኝና በትሕትና፣ ሚስቴን አታስፈሪያት አለኝ።

አሁን ገበያ ስሄድ በነሱ በር አላልፍም። ዞሬ ነው የምሄደው፤ በዚያም መንገድ ግን ከማድቤቷ ጩኸት የሰማሁ ይመስለኛል።