የገና ምሩቅ

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አዲስ አበባ ከሄደ ወዲህ የቤታችን ደብዳቤ አንባቢም ጸሐፊም እኔ ሆንኩ። እውነቱን ልናገር፣ እኮራበታለሁ።

በጥር የመጣው ደብዳቤ ግን ቤቱን አመሰው። «አብሽሩ፣ ደኅና ነኝ። አብሮኝ የመጣው የውጫሌው ልጅ የገና ምሩቅ ሆኖ ሻንጣውን ይዞ አገሩ ገብቷል። እኔ አልሐምዱሊላህ እዚሁ አለሁ» ይላል።

አባቴ ሐይቅ ገበያ አጠገብ ባለው ቤታችን ልብስ ይሰፋል። የስፌት መኪናውን መርገጫ አቆመ። «በአንድ አውቶቡስ ሄደው! ያ ሲመረቅ የኛው ምን ነካው?»

«ያ ሁሉ ትምህርት በአራት ወር ያልቃል እንዴ አባ?» አልኩ።

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች። «ለምን አያልቅም? እኔስ መሠረተ ትምህርትን በአራት ወር ጨርሼ ወረቀቴን ተቀብዬ የለ!»

ወረቀቷ እውነትም ግድግዳው ላይ ተለጥፏል።

«በይ ጻፊ» አለ አባቴ። «ካልሆነለት ይምጣ። ሁለተኛዋ መኪና ሰው አጥታ ቆማለች፣ ልብስ ይሰፋል በይው።»

ጻፍኩ። ጽሕፈቴ አምሯል፤ እንዲደርሰው ግን አልፈለግኩም። አባቴ «እሱ ከተሳካለት አንቺም ትከተያለሽ» ብሎኝ ነበር። እሱ ተመለሰ ማለት የኔም ነገር አበቃ ማለት ነው።

በማግስቱ ፖስታ ቤት ከመሄዴ በፊት ግድፈቱን እንዲያዩልኝ ለሳይንስ አስተማሪያችን ሰጠኋቸው። እሳቸውም የተማሩት እዚያው ዩኒቨርሲቲ ነው።

«ምን ሆኖ ነው የሚመለሰው?» አሉኝ።

«ጓደኛው የገና ምሩቅ ሲሆን እሱ ሳይመረቅ ቀረ፣ ቲቸር።»

እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «አንቺ! የገና ምሩቅ ማለት እኮ በመጀመሪያው ፈተና ወድቆ የተባረረ ነው! የተማሪ ቀልድ ነው። ወንድምሽ አልፏል!»

ደብዳቤዬን ቀድጄ እስከ ቤት በሩጫ። አባቴ ነገሩን ሁለቴ አስደገመኝ፤ ከዚያ «ያ ረቢ!» ብሎ መዳፎቹን ፊቱ ላይ አሳለፈ። እናቴ ደግሞ «ውይ፣ የውጫሌዋ እናት! ደግሳለት እንዳይሆን ብቻ» አለች።

ከሰዓት አንድ ደንበኛ ሱሪ ሊያሳጥር መጥቶ «ልጅህ ተመረቀ ወይ?» ቢለው፣ አባቴ ቀና ብሎ «አልተመረቀም፣ አልሐምዱሊላህ!» አለ። ሰውየው ግራ ገብቶት ሲያየው፣ አባቴ ወደ እኔ ዞረ።

«ጻፊ። እኔ ሳልፈቅድልህ እንዳትመረቅ በይው።»

አንዲት ቃል ሳልቀንስ ጻፍኩለት።