ሰናፍጭ የተቀባ ዳቦ

ጉዳዩ በጠቅላላው አራት ሺህ ሦስት መቶ ሽልንግ አስወጥቶኛል። ዳቦው፣ አቮካዶው፣ ቲማቲሙ፣ የካሮት መፈቅፈቂያውና ትልቁ ትሪ ተደምረው ነው። ነጭ ሸሚዜን አልቆጠርኩም።

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ አንሶላና መጋረጃ እሸጣለሁ። ከሱቄ በታች፣ ደረጃው ስር፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ያገራችን ሴት ሦስት ጠረጴዛ ዘርግታ ምግብ ትሸጣለች። እሷ ከሌለች የእኔም ምሳ የለም። ባለፈው ዓመት ሁዳዴ ከናይሮቢ ሙቀት ጋር ተያይዞ ገባ። ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ላይ የተሳፈረ ሰው ሲወርድ ተቀቅሎ ነው። በዚያ መሀል አንድ ጎረቤት ሱቅ ጋዝ ሸተተ ተባለና ኪራይ ሰብሳቢም የሆነው የሕንፃው ጠባቂ እየዞረ ምድጃ ሁሉ አስጠፋ። የእትዬ በር ላይ ቆሞ፣ «ሃኩና ሞቶ፣ ማማ» አላት። እሳት የለም ማለቱ ነው፤ ጭስ ማውጫ እስኪሠራ ድረስ። ጭስ ማውጫውን የሚሠራው ፉንዲ ደግሞ በተደወለለት ቁጥር «ነገ» ይላል። የፉንዲ ነገ የሚውልበት ቀን መቁጠሪያ ገና አልታተመም።

እትዬ የወሩን ኪራይ ካልከፈለች ቤቱን የሚወስደው ሰው ታውቋል፤ የስልክ ሽፋን የሚሸጥ ያገራችን ልጅ። ክፉ አይደለም። ግን ገና እሷ ወንበሯ ላይ እያለች ሜትር ይዞ መጥቶ ግድግዳውን ይለካ ነበር።

«እትዬ፣ እግርሽን አንዴ አንሺልኝ» ይላታል።

«እኔንም ጨምረህ ለካኝ። የሬሳ ሣጥን ስታዝዝልኝ እንዳያጥር።»

እኔ ነኝ ነገሩን ያመጣሁት። «እትዬ፣ እሳት የማይፈልግ ነገር እንሽጥ። አትክልት በዳቦ።»

«ቁሌት የሌለው ምግብ? ሽንኩርት ሳላቁላላ ብውል እጄ ምን ይለኛል?»

«እጅሽ ይረፍ። ኪራዩን አስቢ።»

«ሳንድዊች የፈረንጅ ነው። ፈረንጆቹ ሰፈር ጊጊሪ ሄደህ ሽጥ።»

«ጊጊሪ ያሉት አየር ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የሚውሉት። የሚሞቀው እኛን ነው።»

ይሄ አሳመናት ብዬ አልዋሽም። ያሳመናት ሜትሩ ነው፤ ተስቦ ሲያበቃ ጠቅ ብሎ ወደ ቤቱ ሲገባ ሰማነው።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ናይሮቢ የሚጾም ሰው የዳቦ ፕላስቲክ እንደ ውል ነው የሚያነበው። መጀመሪያ ያነሳሁት ወተት አለበት፤ መለስኩት። ሁለተኛውም እንደዚያው። ባለሱቁ ሰልችቶት «ዳቦ ነው የምትገዛው ወይስ መሬት?» አለኝ። በመጨረሻ ውሃ፣ ዱቄት፣ እርሾ፣ ዘይትና ጨው ብቻ የተጻፈበት አገኘሁ።

አቮካዶውን በሹካ ደፍጥጠን ሎሚ ጨመቅንበት። ቲማቲሙን በስሱ ቆርጠን፣ ጨው ነስንሰን ውሃው እስኪወርድ ወንፊት ላይ አቆየነው፤ ካልሆነ ዳቦው ይርስና ገንፎ ይሆናል። ካሮቱን ፈቀፈቅን፣ ጥቅል ጎመኑንና ቃሪያውን ከተፍን። እትዬ ግን እጇ አላርፍ አላት። ለጾሙ ያዘጋጀችውን ሰናፍጭ አውጥታ እንደ ቅቤ ዳቦው ላይ ትለቀልቀው ጀመር።

«ሳሳ አድርጊው።»

«አንተ አንሶላህን ሽጥ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጿሚዎቹ ነጋዴዎች ከየሱቃቸው ወረዱ። አራቱ አንድ ጠረጴዛ ከበቡ። ለእያንዳንዳቸው በየሳህናቸው አንድ አንድ ሳንድዊች አቀረብን። ከጠዋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ ያልቀመሱ ሰዎች ዳቦውን ያዩታል እንጂ አይነኩትም።

«ብላ እንጂ።»

«ኧረ አንተ ቅደም።»

«አብረን ነዋ።»

በዕድሜ የሚበልጣቸው ጫማ ነጋዴ ሳህኖቹን ተራ በተራ አየ። «ይሄ ምሳ አይደለም፣ የውርስ ክፍፍል ነው» አለ። «ሁሉም የየራሱን ይዞ ሲገምጥ ምን ሊያወራ ነው?»

የዳቦውን ጫፍ ቆረሰና አጠገቡ ላለው ሊያጎርሰው አነሳው። ዳቦው ተከፈተ። ካሮቱ ጭን ላይ፣ ቲማቲሙ መሬት ላይ። የቀረችው ሰናፍጭ ብቻዋን አፍ ገባች። የጎረሰው ሰው ጠረጴዛውን በጡጫ መታ፤ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

«ምነው?»

«አባቴ ትዝ አለኝ።»

ሳቁ ከዚያ ጀመረ። ሌላው ደግሞ «እኔንም አባቴን አስታውሱኝ» ብሎ አፉን ከፈተ። ጫማ ነጋዴው ወደ እኔ ዞሮ፣ «ይሄን ያመጣኸው አንተ ነህ፣ እንካ» አለና አንድ እፍኝ ሰደደልኝ። ግማሹ አፌ ገባ፤ ግማሹ ነጭ ሸሚዜ ላይ አረንጓዴ ካርታ ሠራ። የስልክ ሽፋን ሻጩ በሩ ላይ ሜትሩን እንደያዘ በሳቅ ይንፈራፈራል። እኔም በአፍንጫዬ እሳት እየወጣ እስቃለሁ፤ ጠባቂው ቢያየኝ ያስጠፋኝ ነበር።

ያልሳቀችው እትዬ ብቻ ናት። ምግቧ ወለሉ ላይ ነው። ቆሞ ተራ ይጠብቅ የነበረ ሰው «ነገስ ሽምብራ ይዤ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ፊቷን ሳይ ሳቄ ቆመ። ኪራዩ እግር አውጥቶ ሲሄድ እያየች ነበር።

ቢላዋ አነሳች። የቀሩትን ሳንድዊቾች አንድ በአንድ አራት አራት ቦታ ቆረጠቻቸው፤ እያንዳንዱ ልክ የአንድ ጉርሻ። ሳህኖቹን ሰበሰበች፣ ሁሉንም ትልቁ ትሪ ላይ ደረደረችና መሀላቸው አኖረችው።

«አሁን ብሉ።»

አራት እጅ አንድ ላይ ወረደ። የሚፈስ የለም፣ የሚተያይ የለም። አጎራረሱ፣ አለቀሱ፣ ሌላ ትሪ አዘዙ። ሽምብራ አመጣለሁ ያለው ሰውዬ ጫጫታውን ሰምቶ ከደረጃው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ በነጠላ አልሸጠችም፤ በትሪ ብቻ። ሮመዳንም ስለነበር ሶማሌዎቹ ጎረቤቶቻችን ለማፍጠሪያ እያዘዙ ይወስዱ ጀመር። ሰናፍጩን ግን እስከ መጨረሻው አላሳሳችውም።

ወሩ ሲያልቅ ኪራዩን ጠባቂው እጅ ላይ ቆጥራ ሰጠች። የስልክ ሽፋን ሻጩ ለወጉ ሜትሩን ይዞ መጥቷል። ጠቅልላ አጎረሰችው። ሁለት ዓይኑን ለመጥረግ ሁለት እጅ አስፈለገው፤ ሜትሩን ኪሱ ከተተ።

«እትዬ፣» አለ ትንፋሽ ሲያገኝ፣ «ግድግዳሽ ለእኔ ዕቃ ያጥራል።»

ቀጥላ ለእኔ አራት ሺህ ሽልንግ ዘረጋችልኝ።

«ሦስት መቶውስ?»

«የበላኸው።»

«በጾም?»

«ጾም ነው አልኩ እንጂ በነፃ ነው አልኩህ?»

ወጪ፣ አራት ሺህ ሦስት መቶ። ተመላሽ፣ አራት ሺህ። ጉድለት፣ ሦስት መቶ ሽልንግና አንድ ሸሚዝ።