እናቴና የዓሦቼ የመጠጥ ውሃ

ውሃ ቀጠነ ብዬ የምጣላ ሰው ነኝ፤ የአሰብ ሙቀት ደግሞ ለቁጣዬ ማገዶ ነበር። ኤርትራ የራሷን መንግሥት ካቆመች በኋላም ወደቡ ላይ የኢትዮጵያን ጭነት እየመዘገብኩ እዚያው ቀርቼ ነበር። ከሥራ ወጥቼ ወደ ቤት የሚያስሮጠኝ አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ፦ ከተዘጋ ሱቅ ቬትሪና መስታወት አስቆርጬ ያሠራሁት የዓሣ ገንዳ። የባሕር ውሃ በጀሪካን እያመላለስኩ፣ ከታች ኮራል የሚሉትን የባሕር ድንጋይ ደርድሬ፣ አንድ መርከበኛ በሰጠኝ ትንሽ የአየር ሞተር እያስተነፈስኩ ስድስት ዓሦች አኖርበት ነበር።

አባቴ ሲያርፍ እናቴን ከደብረ ብርሃን አመጣኋት። ብቻዋን እንዳትሆን ብዬ ነው፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ብቸኝነት መሮኝ ነበር። ዕድሜዋን ብርድ አገር የጨረሰች ሴት አሰብ ገብታ፣ ነጠላዋን በውሃ ነክራ ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ቬንቲሌተር ሥር ትውላለች። እኔ ስወጣ የምታወራው ከዓሦቹ ጋር ነው።

«እነዚህ ልጆች ደክሟቸዋል» ትለኝ ነበር ሰሞኑን።

«ዓሣ አይደክመውም» እላታለሁ።

አንድ ሰኞ ቀትር ላይ ከሥራ ስመለስ ስድስቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈዋል። እናቴ ባዶ ባልዲ ይዛ አጠገባቸው ቆማለች።

«ጨው እየጠጡ እንዴት ይኖራሉ ብዬ እኮ ነው» አለች። «በበርሜል ከምናስቀዳው፣ ከምንጠጣው ሰጠኋቸው። ሁለት ባልዲ።»

ጮኽኩባት። ያልኩትን እዚህ አልደግመውም፤ ያሳፍረኛል። እሷ ባልዲውን በረንዳው ላይ ደፋችና ልብሷን እያጣጠፈች ሻንጣዋ ውስጥ መክተት ጀመረች። በአዲስ አበባ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ አንድ የደብረ ብርሃን ልጅ ሐሙስ ጭኖ እንደሚወጣ ሰምታለች።

«ከእሱ ጋር እሄዳለሁ» አለች። «እዚህ የነካሁት ሁሉ ይሞታል።»

ያን ጊዜ ዓሦቹ ከሐሳቤ ጠፉ። ይቅርታ መጠየቅ ግን አልችልበትም። ስለዚህ ገንዳውን አጥቤ አዲስ የባሕር ውሃ ሞላሁና ዓሣ ፍለጋ ወጣሁ።

ለገንዳዬ ዓሣ የሚያመጣልኝ አንድ አፋር ዓሣ አጥማጅ ነበር። ረቡዕ ጧት ሦስት ባልዲ ይዞ በረንዳዬ ላይ ደረሰ።

«ነይ እማዬ፣ ምረጪ» አልኳት።

«እኔ? ገዳያቸው?» አለች፤ መጣች ግን።

በመጀመሪያው ባልዲ ውስጥ ክንፉን እንደ ጃንጥላ የዘረጋ፣ እሾሃም ቀይ ዓሣ ነበር። ስመኘው የኖርኩት እሱን ነው። እናቴ ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።

«ዓይነ ውሃው አላማረኝም። ምን ይበላል?»

«ትንንሾቹን» አለ ዓሣ አጥማጁ። «ወላሂ፣ አንድ አይተውም!»

«ይመለስ!»

ከዚያ በኋላ ለልጇ ሚስት የምታጭ ይመስል የእያንዳንዱን ጠባይ አጣራች። ማን ከማን ይጣላል? ማን ቀማኛ ነው? ጎን ለጎን የሚዋኙ ሁለት ቢጫዎችን ዓሣ አጥማጁ ባልና ሚስት ናቸው ሲላት «በሉ እንዳትለያዩአቸው» አለች። ነጭ መቀነት የታጠቀች ብርቱካናማ፣ ቀጥሎም ድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ስትልስ የምትውል አንዲት ጠይም መረጠች። ጠይሟን ያስመረጣት ሥራ መውደዷ ነው። እኔ ከጎኗ ቆሜ የቀዩን ዓሣ ባልዲ በዓይኔ እሸኛለሁ።

ዓሣ አጥማጁ ዓሦቹን ሊለቅ ሲል ወደ እኔ ዞረ። «ውሃው ሲጎድል በምን ትሞላለህ?»

«በባሕር ውሃ ነዋ!»

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «ፀሐይ ጨው አትጠጣም! ውሃውን ትወስዳለች፣ ጨው ይቀራል። እዚህ አሰብ ጨው እንዴት ይመረታል? አንተ እኮ ቤትህ ውስጥ ጨው ስታመርት ነበር! የጎደለውን በመጠጥ ውሃ ሙላ፤ በባልዲ ሳይሆን ትንሽ ትንሽ።»

በየቀኑ የጨው ማምረቻውን አጥር እያየሁ ሥራ የምሄድ ሰው ነኝ። እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ዓሦቹ እውነትም ደክሟቸው ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ እንጃ። «አትሂጂብኝ፣ እማዬ።»

ቀኑን ሙሉ ገንዳው ፊት ተቀምጣ ዋለች። ውሃው በደረሰበት ልክ መስታወቱ ላይ በዓይን ኩል መስመር አሰመረች። ሻንጣዋ ግን ከበሩ አጠገብ አልተነሳም።

ሐሙስ ጧት ሹፌሩ በር ላይ ጥሩንባ ነፋና ገባ። «እማማ፣ ፀሐይ ሳይበረታብን እንሂድ።»

እናቴ በብርጭቆ የመጠጥ ውሃ ይዛ ገንዳው ላይ ጎንበስ ብላለች። መስመሩን እያየች ጠብ ጠብ ታደርጋለች።

«በሰላም ግባ ልጄ፣ አገሩን ሰላም በልልኝ» አለች ቀና ሳትል። «እኔ ብሄድ ለእነዚህ ማን ውሃ ያጠጣል? ይኼ እንደሆነ ጨው ነው የሚሰጣቸው።»

ሻንጣዋን ከበሩ አንስቼ ወደ ጓዳ መለስኩት።