ኳስ የምታጎርሰው አዲስዓለም

ደብረ ታቦር ላይ ኳስ ከተባለ የእግር ኳስ ነው። በዱላ የሚመታ ከሆነ ደግሞ የገና ሰሞን ሩር አለ፤ እሱም የጎረምሳ ነው፤ የስንቱን ቅልጥም እንደሰበረ ወጌሻ ይቁጠረው። ይኼ በመረብ ወዲያና ወዲህ ቆመው ትንሽ ጸጉራም ኳስ የሚቀባበሉበት፣ የሜዳ ቴኒስ የሚሉት ነገር፣ ከየት መጣ ቢባል ከካሰች ሻንጣ ነው የወጣው። የለም የሚል ካለ ይምጣና ይከራከር፤ ተከራክሮ የረታ ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

ካሰች ዓረብ አገር ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ስትመለስ ዘመድ ወዳጁ ሻንጣዋን ከቦ ተቀመጠ። አንዷ ወርቅ ታመጣለች፣ አንዷ ነብር የተሳለበት ብርድ ልብስ ታመጣለች። እሷም ብርድ ልብሱን አምጥታለች፤ በብርድ ልብሱ ተጠቅልለው ግን ሁለት ራኬትና ጸጉራቸው ያለቀ አንድ ከረጢት ኳስ ወጡ። ታላቅ ወንድሟ ፋንታው፣ አንበሳሜ አጠገብ ጤፍና ገብስ የሚያርሰው፣ አንዱን ራኬት አንስቶ ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

«ይኼ ምንድን ነው? ወንፊት ነው?»

«ኳስ መምቻ ነው፣ ጋሼ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ ኳስ ስትመቺ ነው የከረምሽው?»

«ኧረ እኔስ ስመልስ ነው የከረምኩት።»

ሰው ሳቀ፤ ወሬው ወደ ሌላ ሄደ። ያን ቀን «ለማን ነው የምትመልሺው?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ የፋንታው ልጅ አዲስዓለም ከአሥር ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ያን ሁሉ መከራ ባላየች። ግን እኛ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ያመጣውን እንጂ የሆነውን አንጠይቅም።

አዲስዓለም ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ትምህርት ትማር ብለው ደብረ ታቦር አክስቷ ዘንድ አስቀመጧት። ካሰች ገበያ ላይ ቦንዳ ልብስ ዘርግታ ትሸጣለች። ከተከራየችው ቤት ጀርባ የእህል ነጋዴው የወርቁ እህል ማስጫ ሲሚንቶ አለ፤ ከመኸር ሰሞን በቀር ባዶውን ነው የሚውለው። ወርቁ ደግ ሰው ነው። አባቱም ደግ ነበሩ፤ በቅሎ ለሠርግ ሲያውሱ እንኳ ከነኮርቻው፣ ከነግላሱ፣ ገብሱን ጨምረው ነበር። አንድ ጊዜማ በቅሎዋ ሙሽራውን ጥላ ብቻዋን ሙሽራዋ ቤት ደርሳ... ለማንኛውም፣ ወርቁ «ተጫወቱበት» አላቸው። በኖራ አሰመሩ፤ ጭድ የሚጫንበትን መረብ በሁለት አጣና መሀል ወጠሩ፤ ተጀመረ።

የካሰች ሕግ አንድ ነው። «ኳሷን ጓደኛሽ እጅ ላይ አድርሺያት። አትሩጥ፣ አትጎንበስ፣ ቆማ ታግኛት።» ኳሷ ሁለት መቶ ጊዜ ከተመላለሰች ወደ ቤት ይገባሉ። በመቶ ዘጠናው ካመለጠች እንደገና ከአንድ። የጉና ነፋስ ወርዶ ጣት ሲያደነዝዝም ያው ነው። በአጥር የሚያይ መንገደኛ «ማን አሸነፈ?» ሲል ካሰች «ማንም» ትላለች።

«ማንም የማያሸንፍበት ምን ጨዋታ ነው እሱ?»

«እሱ ነዋ ጨዋታው!»

አዲስዓለም በዚህ አደገች። ዓይኗ ከኳሷ ይልቅ ማዶ ያለችው ሴት ትከሻ ላይ፣ ክርን ላይ፣ እግር ላይ ነው። ካሰች የደከማትን ቀን፣ ቀኝ ጉልበቷን ያመማትን ቀን፣ ሳትነግራት ታውቃለች፤ ኳሷንም በዚያው ልክ ታደርስላታለች። ሌላው ሰው እንዴት እንደሚጫወት አላየችም። ከየት አይታ!

አሥራ ስምንት ሲሞላት ባሕር ዳር የክልል ውድድር አለ ተባለ። የሚመዘገብ ሰው ስለጠፋ ደብረ ታቦርን ወክላ ሄደች። ፋንታውም ልጁን ሊያይ ከአንበሳሜ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ዳኛው «አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ» እያለ ሲቆጥር ሰምቶ አላስቻለውም።

«ከሠላሳ በኋላ አርባ አምስት አልነበረም እንዴ? አምስቷን ማን በላት?»

አጠገቡ የተቀመጡት ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ከት ብለው ሳቁ። አዲስ አበባ ያለ የአንድ ክለብ አሠልጣኝ ናቸው፤ ጋሼ አያሌው ይባላሉ። «ሠላሳ ዓመት ሳሠለጥን ይኼን የጠየቀኝ የለም። እኔም አላውቀውም።»

«እንግዲያ ፈረንጆቹ ናቸዋ የበሏት» አለ ፋንታው።

በዚህ ተዋወቁ። አዲስዓለም በሁለት ቀን ሦስት ልጆች ረታች፤ ረታች ማለት እሷ መለሰች፣ መለሰች፣ መለሰች፤ ልጆቹ ደክሟቸው መረብ ላይ አስቀሩት። ጋሼ አያሌው እንዲህ ያለ ነገር አይተው አያውቁም።

«ልጅዎን ይስጡኝ» አሉት።

«ለማን ልጅ?»

«ለትዳር አይደለም! ለክለብ ነው። ደመወዝ አላት።»

«ለመጫወት?»

«ለመጫወት።»

ፋንታው ሦስት ጊዜ ጠየቀ፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው ሆነ። የተነጋገሩት እንዲህ ነው፤ ስድስት ወር ሙከራ፤ በስድስተኛው ወር የክለቦች ግጥሚያ አለ፤ እዚያ አንድ ካሸነፈች ተፈራርማ ትቀራለች፤ ካላሸነፈች ደብረ ታቦር ተመልሳ ከአክስቷ ጋር ቦንዳ ትሸጣለች። ቦንዳ መሸጥ ነውር የለበትም። አዲስዓለም ግን «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲሏት «ተጫዋች» ማለት አማራት። አውቶቡስ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴትዮ ጠይቃት አንዴ ብላው ነበር፤ አፏ ላይ ጣፈጣት።

አዲስ አበባ ግን ባሕር ዳር አይደለም። እዚያ ያሉት ሴቶች አይደክሙም። ኳሷ ሄዳ ሄዳ እጃቸው ላይ እንደምትወድቅ በሳምንቱ አወቁ። ከዚያማ ቆመው ይጠብቁና እንደ ሚስማር ይቸነክሯታል። አምስት ወር አለፈ፤ አሥራ አንድ የልምምድ ግጥሚያ፣ አሥራ አንድ ሽንፈት። አብራት የምትሠለጥነው ሕይወት የምትባል ቀልደኛ ስም አወጣችላት።

«ጉርሻ መጣች! አፋችሁን ክፈቱ!»

አዲስዓለም ትስቃለች፤ ክፍሏ ስትገባ አትስቅም።

ጋሼ አያሌው ነገሩ ከንክኗቸዋል። ሜዳው ጥግ ላይ የቆርቆሮ ጣሳ አስቀምጠው «ምቺ» አሏት። ከአሥር ዘጠኙን መታች። ጣሳውን ሌላ ጥግ ወሰዱት፤ መታች። ኮታቸውን አውልቀው እንጨት ላይ ሰቅለው መሀል ሜዳ አቆሙና «ከኮቱ አርቂ» አሏት፤ አራቀች። ኮቱን አንስተው ሕይወትን አቆሙ። ኳሷ ሄደችና እጇ ላይ ቁጭ!

«እንደገና።»

ቁጭ።

ሕይወትን ጀርባዋን አዙረው አቆሟት። ኳሷ ዞራ፣ ልክ ራኬቷን የዘረጋችበት ጎን አረፈች። ሕይወት ራሷ አማተበች። «ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ጠበል ያስፈልጋታል።»

«ዝም በይ አንቺ» አሉና ወደ አዲስዓለም ዞሩ። «ማን ነው ያስተማረሽ?»

«አክስቴ።»

«እሷንስ?»

አዲስዓለም አላወቀችም። ዘጠኝ ዓመት አንድ ቤት ኖራ አልጠየቀችም። ያን ዕለት ስልክ ደወለች።

«እትዬ፣ ሰው በሌለበት ምቺ ይሉኛል።»

«ሰው በሌለበት? ታዲያ ማን ይመልሳታል?»

«እንዳትመለስ ነው እኮ።»

«እንዳትመለስ ከሆነማ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው!»

«አዎ። ነጥብ ይሆናል።»

 ከስልኩ ወዲያ የገበያው ጫጫታ ይሰማል፤ አንዱ «በመቶ ብር! በመቶ ብር!» እያለ ይጮኻል። ካሰች ከሥሩ ጀምራ ነገረቻት። አሠሪዋ ማዳም አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ ግቢው ውስጥ ሜዳ አለ፤ አብራት የሚጫወት ግን የለም። ካሰች ሥራዋን ስትጨርስ ራኬት ተሰጥቷት ማዶ ትቆማለች። ኳሷ ልጅቱን ካመለጠቻት ልጅቱ ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ ማዳም ትወጣለች። «ሦስተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ቀን ደስ ብሎኝ ረሳሁት። ጥጉ ላይ ላጥኳት። እንዴት ያለች ኳስ መሰለችሽ! ያን ቀን ስልኬን ወሰዱት። ሁለት ወር።»

አዲስዓለም ያን ሁለት ወር ታስታውሰዋለች፤ ምንነቱን ግን አታውቅም ነበር። የአምስት ዓመት ልጅ ሆና፣ አባቷ ጋቢውን አዘቅዝቆ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ካሰች ሞታለች ተብሎ ሊለቀስ ሲል ስልኩ ጮኸ። እልል ተባለ። ለምን ጠፍታ እንደነበር ማንም አልጠየቀም።

«እኔ ያስተማርኩሽ ጨዋታ አይደለም፣ ልጄ» አለች ካሰች። «ሥራዬን ነው።»

ተዘግቶ የከረመው መንገድ በተከፈተ ሳምንት ካሰች ቦንዳዋን ለጎረቤት አደራ ብላ መጣች። ስማቸውን ሰምታ የማታውቃቸው ኬላዎች ሁሉ ላይ ወርዳ ተፈትሻ፣ አንድ ቋጠሮ ቆሎ ይዛ፣ ግጥሚያው ሊጀመር ሲል ደረሰች። የአዲስዓለም ተጋጣሚ ትዕግሥት የምትባል ናት፤ የሌላ ክለብ ልጅ፣ ክንዷ የበሬ ቀንበር የሚያክል። የመጨረሻዋ ዕድል ይቺ ናት፤ ከተሸነፈች ነገ ከካሰች ጋር ባንድ አውቶቡስ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው ዙር ስድስት ለሁለት አለቀ፤ ለትዕግሥት። ሁለተኛው አራት ለአንድ ደረሰ፤ አሁንም ለትዕግሥት። አዲስዓለም ልቧ ያውቃል፤ እጇ ግን ሄዶ ሄዶ ያጎርሳል። ካሰች የቆሎውን ቋጠሮ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ታያለች። የምታየው የድሮ ራሷን ነው፤ ማዳም እንዳትወጣ የምትፈራውን፣ በሩን የምታየውን። አንድ ኳስ ትዕግሥት ደረት ላይ ለስለስ ብላ ስትደርስ ካሰች ብድግ አለች፤ ቆሎው ተበተነ።

«አዲስዬ! የማዳም ልጅ አይደለችም እኮ! ማንም አይመጣብሽም!»

ሕዝቡ ዞረ። ዳኛው ከወንበራቸው አጎንብሰው «እናት፣ እባክዎ! ከሜዳ ውጭ መናገር አይፈቀድም» አሉ።

«ይቅር በሉኝ፣ ጌታዬ፤ ጨርሻለሁ» አለችና ተቀመጠች። ቆሎ መልቀም ያዘች።

የሚቀጥለው ኳስ መጣ። አዲስዓለም የትዕግሥትን ትከሻ አየች። ራኬቷ የት እንደሚዘረጋ ከትዕግሥት ቀድማ አወቀች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ይኼንኑ ስታጠና ነው የኖረችው። የሰው እጅ ያለበትን እንዲህ አሳምሮ የሚያውቅ፣ የሌለበትን አያውቅም? ኳሷን ከዚያ እጅ አንድ ክንድ አራቀቻት። ትዕግሥት ተዘረጋች፤ ኳሷ አለፈች።

አዲስዓለም አፏን ያዘች። «ይቅርታ!» አለች ጮክ ብላ።

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ትዕግሥትም ሳቀች። ቀጥሎ በዚያኛው ጎን አራቀቻት፤ «ይቅርታ!» ሦስተኛዋ ላይ ትዕግሥት መሳቅ ተወች። አምስተኛዋ ላይ አዲስዓለም ይቅርታ ማለት ተወች። ሁለተኛው ዙር ሰባት ለአምስት ለእሷ ሆነ። ጋሼ አያሌው ኮፍያቸውን አውልቀው ይነክሳሉ።

ሦስተኛው ዙር እንደ ጉና ዳገት ነበር። ትዕግሥት ጀግና ናት፤ ዝም ብላ አልተበላችም። አምስት ለአራት ላይ አዲስዓለም አንድ ነጥብ ብቻ ቀራት። ትዕግሥት ትንፋሿ ተቆራርጦ፣ ግራ እግሯን እየጎተተች ቆማለች። አዲስዓለም ይኼን አየች፤ ክንዷም እንደ ድሮው ሊያዝንላት፣ ሊያደርስላት ዘንበል አለ። ይኼን ከእሷ በቀር ማንም አላየም። ክንዷን መለሰችው። ኳሷን በግራ እግር በኩል፣ መስመሩ ላይ፣ አሳረፈቻት።

ትዕግሥት መረቡ ዘንድ መጥታ አቀፈቻት። «ይኼን ሁሉ የት ደብቀሽው ነው፣ አንቺ?»

ሕይወት ከዳር ሆና «ጉርሻዋ እሾህ አወጣ!» ብላ ጮኸች። አዲስዓለም ያን ዕለት ከሰዓት ቢሮ ገብታ ፈረመች። ጸሐፊዋ ቅጹን እየሞላች «ሥራ?» ስትላት፣ አዲስዓለም አላመነታችም።

በማግስቱ ካሰች ሜዳውን ላየው አለች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ የሕይወትን ራኬት ተውሳ፣ ማዶ ቆመች። ተቀባበሉ። አዲስዓለም እንደለመደችው እጇ ላይ ታደርስላታለች፤ ካሰችም እንደለመደችው ትመልሳለች። ሠላሳ ጊዜ፣ አርባ ጊዜ። ድንገት የካሰች ትከሻ ሌላ ሆነ። አዲስዓለም አነበበችው፤ አንብባውም አልደረሰችበትም። ኳሷ ጥጉን ልጣ ወጣች።

ካሰች ኳሷ የነካችበትን ቦታ ብዙ ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ግቢው በር ዞር አለች። የመጣ ሰው የለም።

«እችላት ነበር እኮ» አለች። «በይ፣ ሌላ ስጪኝ።»